ማኅደሩን ጠይቁት፦ ስለ ጥንታዊ ወታደራዊ ሽጉጦች መወልወያ ዘንግ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ። ስለ ሽጉጥ ሊያወራ የተጠራ ሰው ሽጉጥ ሳይዝ ሲመጣ ቅር የሚለው አይጠፋም። ይዤ የመጣሁት እነዚህን ሰባት ቀጫጭን ብረቶች ብቻ ነው። በር ላይ የፈተሹኝ ወጣቶች ምንነታቸውን ጠይቀውኝ «የሽጉጥ መወልወያ ናቸው» ብላቸው ወዲያው «ሽጉጡስ የታለ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ የምሽቱ ጉዳያችንም እሱው ነው። አንድ ዘንግ እጃችን ሲገባ ከየትኛው ሽጉጥ ጋር እንደኖረ፣ ኖሮም እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ሁለት ነገር ላስቀድም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እቤቱ የቆየ ሽጉጥ ያለው ሰው ደግሞ ዛሬ የሰማውን ሊሞክር ሲነሳ መጀመሪያ ካዝናውን ያውጣ፣ ጥይት መጉረሻውን ይክፈት፣ ባዶ መሆኑንም በዐይኑና በጣቱ ያረጋግጥ። ያረጀ ሽጉጥም ይገድላል።

ዘንግን የሚያህል ተራ ነገር ለምን አስመስለው ይሠራሉ? ሽጉጡን አስመስሎ መሥራት ስለሚከብድ ነው። የጀርመኑን ሉገር አስመስላለሁ የሚል ሰው በደርዘን የሚቆጠሩ ክፍሎችን በሚሊ ሜትር ስንጣሪ ማስተካከል አለበት። ዘንግ ግን ቶርኖና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ሰብሳቢዎች ደግሞ የተሟላ ነገር ይወዳሉ፤ ሽጉጡ የሚቀመጥበት ማኅደሩ፣ መፍቻው፣ ትርፍ ካዝናውና ዘንጉ ሳይጎድል የተገኘ ሽጉጥ ብቻውን ከተገኘው በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ የጎደለው ዘንግ ከየትም ተፈልጎ ይመጣል። ካልመጣም ይሠራል።

በዚህ ላይ አንድ ፍርደ ገምድልነት ላርም። ዛሬ በገበያ ላይ ካለው አዲስ ዘንግ ብዙው ለማታለል የተሠራ አይደለም። ለፊልም፣ የድሮ ውጊያ በትርዒት ለሚያሳዩ ማኅበራት፣ ወይም ክፍተቱን ሞልቶ ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው «አዲስ ሥራ ነው» ተብሎ በግልጽ የተሸጠ ነው። የመጀመሪያው ገዢ ያውቃል። ሁለተኛው ገዢ ይነገረዋል። ሦስተኛው ሲገዛ ግን ወረቀቱ ጠፍቷል፣ ብረቱም ትንሽ ዝጓል፣ ሻጩም ከልቡ ጥንታዊ ነው ብሎ ያምናል። አደገኛው ሻጭ ይህ ነው፤ አይዋሽማ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ውጅግራ ያየ ሰው ዘንጉ ከአፈሙዙ ሥር ተሰክቶ መኖሩን ያስታውሳል። የጠብመንጃ ዘንግ ቤቱ ጠብመንጃው ራሱ ነው። ሽጉጥ ግን አጭር ስለሆነ፣ በጥይት መጉረስ ከጀመረ ወዲህ ለዘንግ የሚሆን ቦታ አካሉ ላይ የለውም። ዘንጉ ወደ ማኅደሩ ተሰደደ፤ ወይም ወደ ክፍሉ የመሣሪያ ሣጥን፤ ወይም ወደ መኮንኑ ሻንጣ። ብዙዎች ዘንጉን ከሽጉጡ ጋር እያስተያዩ ሲደክሙ አያለሁ። ሽጉጡ ስለ ዘንጉ የሚያውቀው ውፍረቱንና ርዝመቱን ብቻ ነው። ምስክሩ ማኅደሩ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን፣ ማለትም ባሩዱና እርሳሱ ከአፈሙዝ በሚገቡበት ጊዜ፣ ሽጉጥም ዘንግ ከሥሩ ይዞ ይዞር ነበር። ያ ግን መጠቅጠቂያ ነው። ፈረሰኛ በሩጫ ላይ እንዳይጥለው እንግሊዞችና አሜሪካኖች በማጠፊያ ከአፈሙዙ ጋር ያያዙት ነበር፤ የአሜሪካው 1842 ሞዴል ሽጉጥ፣ አስተንና ጆንሰን በኮኔቲከቷ ሚድልታውን የሠሩት፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የመጠቅጠቂያ ራስ እርሳሱን እንዲገፋ ሰፋ ብሎ የደነደነ ነው። የመወልወያ ጫፍ ጨርቅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ ወይም ብሩሽና ጨርቅ መያዣ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝበት ጥርስ። በመጠቅጠቂያው በሌላ ጫፍ ጥርስ የወጣላቸውም ስላሉ ሁለቱን ሥራ የሚሠራ አለ። ሆኖም ከማጠፊያው ተሰብሮ የወደቀ መጠቅጠቂያ «የመኮንን መወልወያ» ተብሎ ሲሸጥ ካያችሁ ጫፉን አዙራችሁ ተመልከቱ፤ የስብራቱ ጠባሳ ብዙ ጊዜ በሞረድ ተስተካክሎ ይገኛል።

ወታደሩ ሽጉጡን ለመወልወል ለምን እንደዚያ ይጣደፍ ነበር? ለማማር አይደለም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአብዛኛው ወታደራዊ ጥይት መቀመጫ ላይ ያለው ካፕሱል ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት። ሲተኮስ በአፈሙዙ ውስጥ የሚቀረው ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ዝናብ ባለበት አገር ሳይወለወል ያደረ አፈሙዝ ጠዋት ዝጎ ይገኛል። ዘይት ብቻውን ጨውን አያሟሟም፤ ውኃ ያስፈልጋል፤ ከውኃው በኋላ ማድረቅ፣ ከማድረቁ በኋላ ዘይት። ይህ ሁሉ የሚሠራው በዘንግ ነው። በየቀኑ ሲገባና ሲወጣ የኖረ ዘንግ ታዲያ አዲስ መስሎ ሊቆይ አይችልም።

ስለ ጀርመኖች ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙው ማጭበርበር ያለው እዚያ ስለሆነ። የጀርመን ጦር ሉገርን በ1908 ተቀበለ፤ ፒ-08 የሚባለው እሱ ነው። የአፈሙዙ ርዝመት 100 ሚሊ ሜትር ነው። የዚህ ሽጉጥ ተራ ማኅደር ጠንካራ ቆዳ ነው፤ ከፊቱ ለአንድ ትርፍ ካዝና የሚሆን ኪስ፣ በክዳኑ ውስጥ ደግሞ ለመፍቻው የሚሆን ትንሽ ኪስ አለው። የዘንግ ቦታ የለውም። ወታደሩ የሚወለውለው በክፍሉ ዕቃ ነበር። ስለዚህ ሻጩ «ይህ ዘንግ ከፒ-08 ማኅደር ውስጥ የወጣ ነው» ሲላችሁ ማኅደሩን አምጣና ኪሱን አሳየኝ በሉት። ማሳየት አይችልም። ይህ ማለት ዘንጉ የግድ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ታሪኩ ግን ሐሰት ነው። ታሪኩ ሐሰት የሆነ ዕቃ ዋጋው ላይም ጥያቄ ይነሣል።

የመድፈኞቹ ሉገር ሌላ ነገር ነው። በ1913 ተቀባይነት ያገኘው ይህ ሽጉጥ የ200 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ፣ እስከ 800 ሜትር የተቀመረ ማነጣጠሪያና የሚገጠም የእንጨት ሰደፍ አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን 32 ጥይት የሚይዝ ክብ ካዝናም ወጣለት። የዚህ ሙሉ ትጥቅ ለዘንግ ቦታ አለው። እዚህ ላይ ርዝመት ብቻውን ብዙ ውሸት ያጋልጣል። 200 ሚሊ ሜትር የሆነ አፈሙዝ፣ ከዚያ ላይ የእጅ መያዣው። በ12 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ይህንን መወልወል ጀምሮ መተው ነው። ሆኖም «የመድፈኛ ሉገር ዘንግ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት በዚያ ርዝመት የቀረበ ዘንግ አይቻለሁ፤ ሰው መስፈሪያ ቢያወጣ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ማውዘር ሲ-96 ደግሞ በእንጨት ማኅደሩ ይታወቃል፤ ማኅደሩ ራሱ ከሽጉጡ ጋር ሲጋጠም ሰደፍ ይሆናል። እንጨቱን የሚታቀፈው የቆዳ ማሰሪያ ላይ ቀጭን፣ ረዥም ኪስ ተሰፍቷል። ያ የዘንግ ኪስ ነው። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ካሉት ምስክሮች ሁሉ ታማኙ ይህ ኪስ ነው። ዘንግ ለ50 ዓመት በአንድ ቆዳ ውስጥ ከተቀመጠ ቆዳው ቅርጹን ይይዛል፤ የዘንጉ ራስ ያረፈበት ጉብ ይላል፣ ጫፉ የደረሰበት ላይ ይጠቁራል። የቀረበላችሁን ዘንግ በቀስታ አስገቡት። ከጉብታው ጋር ይገጥማል? ጫፉ ከጠቆረው ቦታ ይደርሳል ወይስ ሁለት ጣት ይቀራል? ካልገጠመ አትግፉት፤ የደረቀ ስፌት ይተረተራል፣ ያን ጊዜ ከዘንጉ የሚበልጠውን አጠፋችሁ።

ስለ ማውዘር ውፍረትም ልጨምር። የመጀመሪያው ሲ-96 በ7.63 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚሠራ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1916፣ የጀርመን ጦር 150,000 ሲ-96 በ9 ሚሊ ሜትር እንዲሠራለት አዘዘ፤ ከሌላው እንዲለይ በመያዣው እንጨት ላይ ትልቅ 9 ቁጥር ተቀርጾ በቀይ የተቀባው እሱ ነው። ለ9 ሚሊ ሜትር ተብሎ የወፈረ ዘንግ በ7.63 ውስጥ ከነጨርቁ አያልፍም። ቀጭኑ ግን በሁለቱም ያልፋል። ስለዚህ የውፍረት ምርመራ «አይደለም» ለማለት ይጠቅማል፤ «ነው» ለማለት አይበቃም። በተለይ የጠብመንጃ ዘንግ በሴጌቶ ቆርጠው የሽጉጥ ያደረጉትን በውፍረት አትይዙትም፤ የጀርመን ጠብመንጃ 7.92 ስለሆነ ዘንጉ በ9 ውስጥ ይንሸራሸራል። እሱን የሚያጋልጠው የተቆረጠው ጫፍ ነው፤ ከአካሉ ጋር አንድ ዓይነት እርጅና አይኖረውም። አካሉ ቡናማ፣ ጫፉ ግራጫ ከሆነ፣ ወይም ጫፉ ብቻ በኬሚካል የጠቆረ ከመሰለ፣ ነገሩ ተጠናቀቀ።

ሶቪየቶች ዘንድ ስንሄድ ነገሩ ቀለል ይላል፤ ለእኛም ይቀርባል፤ ከ1977 ወዲህ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የሶቪየት መሣሪያ ብዙ ስለሆነ ከመካከላችሁ ማካሮቭ የታጠቃችሁ እንዳላችሁ እገምታለሁ። በ1951 ተቀባይነት ያገኘው ማካሮቭ ከትርፍ ካዝናና ከማኅደር ጋር የራሱ ዘንግ ይታደለው ነበር። ያ ዘንግ መወልወያ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጫፉ የጨርቅ ቀዳዳ፣ በመያዣው በኩል ደግሞ ካቻቢቴ የሚሆን ስለት አለው፤ ሽጉጡ ሙሉ በሙሉ ሲፈታም የሚያገለግለው እሱ ነው። ከእሱ ቀድሞ የነበረው ቶካሬቭ ዘንጉን ከማኅደሩ ላይ በተሰፉ የቆዳ ማቀፊያዎች ይይዛል። ሁለቱን ማቀላቀል የተለመደ ነው፤ ስለቱን አይቶ መለየት ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ናጋን የሚባለው ባለሰባት ጥይት ተዘዋሪ ሽጉጥ፣ 1895 የሚል ስም ያለው፣ ለጀማሪ ወጥመድ አለው። ከአፈሙዙ ሥር ወጣ የሚል ዘንግ ታያላችሁ። እሱ መወልወያ አይደለም። ከተዘዋሪው ማዕከል ወደ ፊት ተስቦ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ የተተኮሰውን ቀለህ አንድ በአንድ ገፍቶ የሚያስወጣ ነው። መወልወያው ከካቻቢቴው ጋር ማኅደሩ ውስጥ ነበር። ከተሰበረ ናጋን የተነቀለውን ይህን ማስወጫ «ብርቅዬ ዘንግ» ብሎ የሚሸጥ አለ። በሶቪየት መሣሪያ ላይ ቁጥሩ ከሽጉጡ ቁጥር ጋር የገጠመ ዘንግ አለኝ የሚል ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሽጉጦቹ በግምጃ ቤቶች በጅምላ ታድሰው ሲወጡ ዘንጎቹ ተደበላልቀዋል፤ ማንም የማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። የስዊድን ኤም-40 ሽጉጥ ማኅደር ዘንግና ካዝና መሙያ መሣሪያ ይይዛል። በ1925 የወጣው የጃፓኑ ዐሥራ አራት ዓይነት ናምቡም ዘንጉ ከማኅደሩ ጋር ነው። የእንግሊዞቹ የ1937 የሸራ ማኅደር በውስጡ ለዘንግ የተሰፋ ሸንቃጣ ኪስ አለው፤ ዘንጉም ብዙ ጊዜ ናስ ነው፤ ናስ ከብረት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ የአፈሙዙን አፍ አይበላውም። የእንግሊዝ መኮንኖች ሽጉጣቸውን በገዛ ገንዘባቸው የሚገዙበት ረዥም ዘመን ስለነበረ፣ ከእነሱ ሽጉጥ ጋር የመንግሥት ምልክት የሌለው የንግድ ዘንግ ቢገኝ አያስገርምም። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 እኛ አገር ሳሉ ከያዟቸው ሽጉጦች ደግሞ ቦዴዮ የሚባለው ተዘዋሪ 10.35 ሚሊ ሜትር፣ ቤሬታ 1934 ግን 9 ሚሊ ሜትር ነው። ከአያት የተወረሰ ቦዴዮ ውስጥ የቤሬታ ዘንግ ሲገባ እንደ ልቡ ይዋኛል፤ ጨርቁም ግድግዳውን አይነካም።

ማኅደር ከሌለስ? ያን ጊዜ ብረቱን እንጠይቃለን። እዚህ ላይ የጊዜ ቅደም ተከተል ማወቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። አልሙኒየም በርካሽ መሠራት የቻለው ሆልና ኤሩ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው በ1886 መንገዱን ካገኙ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በ1850ዎቹ ለተሠራ ሽጉጥ የአልሙኒየም ዘንግ አብሮ ወጥቷል ማለት ቀልድ ነው። ስቴንለስ ስቲል የሼፊልዱ ሃሪ ብሬርሊ በ1913 ያወጣው ነው። የክሮም ቅብ ገበያ ላይ የዋለው በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት የሚያብለጨልጭ ዘንግ ሲፈለግ ኒኬል ይቀቡት ነበር። ሁለቱን በዐይን መለየት ይቻላል፤ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በመስኮት ብርሃን ስታዩ ኒኬል ወደ ቢጫ ያደላል፣ ክሮም ወደ ሰማያዊ። ክሮም የተቀባ የ1916 ማውዘር ዘንግ ቢያንስ በኋላ የተቀባ ነው። ከብሩሾቹ ፀጉር መካከል ናይለን ካለ ደግሞ ከ1938 በፊት አይደለም። ማግኔትም ያዙ፤ ናስ የተባለው ዘንግ ማግኔት ከሳበው በናስ የተቀባ ብረት ነው።

ባለሁለት ቁራጭ ዘንግ ሲሆን ጥርሱን መለካት አይዘንጋ። የእንግሊዝ የዊትዎርዝ ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፤ የሜትሪኩ 60 ዲግሪ። የጥርስ መለኪያ ከየትኛውም የቶርኖ ቤት ይገኛል። በእንግሊዝ ጦር ዘንግ ላይ ንጹሕ ሜትሪክ ጥርስ ከተገኘ ሠሪው የት አገር እንደነበረ ሳይሆን፣ የት እንዳልነበረ አውቃችኋል።

አሁን ማኅተም። ብዙ ሰው ማኅተም ሲያይ ልቡ ይረጋል። የእኔ ይጠረጥራል። እውነተኛ ዘንግ ከማዕከል በጅምላ የሚወጣ ርካሽ ዕቃ ስለነበረ ብዙው ምንም አልተመታበትም። አስመሳዩ ግን ማኅተም ሳይመታ ማደር አይችልም፤ የጀርመኑን ንስር፣ የእንግሊዙን ቀስት፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ አንዳንዴ ሦስቱንም። ስለዚህ ማኅተም ያለበትን ዘንግ ይበልጥ መርምሩት። በአጉሊ መነጽር ሥር አድርጉት፣ ብርሃኑን ከጎን አምጡ። በመዶሻ የተመታ ማኅተም ብረቱን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ ፍቆ አያወጣውም፤ ስለዚህ በፊደሉ ዙሪያ ትንሽ ጠርዝ ከፍ ይላል። ያ ጠርዝ ለብዙ ዓመት እጅና ጨርቅ ሲያልፍበት ይለሰልሳል። በሌዘር የተጻፈ ከሆነ ጠርዝ የለውም፣ ሥሩም የተቃጠለ ይመስላል። ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ፊደሉ ሥር ስለት የለውም፣ ደብዝዞ ነው የሚወለደው።

ከሁሉ የምወደው ምርመራ ግን ይኸኛው ነው። ዘንጉ ላይ የዝገት ጉድጓዶች ካሉ፣ ማኅተሙ የሚያልፍባቸውን ጉድጓዶች ፈልጉ። ማኅተሙ ከዝገቱ ቀድሞ ተመትቶ ከሆነ ዝገቱ ወደ ፊደሉ ውስጥ ገብቶ ሥሩንም በልቶት ታያላችሁ። ዝገቱ ቀድሞ፣ ማኅተሙ ኋላ ከመጣ፣ የፊደሉ ሥር ንጹሕና ልሙጥ ሆኖ፣ ጉድጓዱ ከሁለቱም በኩል መጥቶ ፊደሉ ጠርዝ ላይ ቆሞ ይገኛል። አሮጌ ብረት ላይ አዲስ ማኅተም ማለት ነው። ብረቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ የሆነ ሰው ግን እውነቱ አልበቃ ብሎት ጨምሮበታል።

የእርጅናውን ቦታም ተመልከቱ። በጨው፣ በኮምጣጤ ወይም ከመሬት ቀብረው ያዛጉት ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። ሥራ ላይ የኖረ ዘንግ ግን ዥንጉርጉር ነው፤ አፈሙዙ ውስጥ የሚመላለሰው አካል ተፍቆ ይለሰልሳል፣ ከመያዣው አንገት አካባቢ ጨርቁ የማይደርስበት ጠቁሮ ይቀራል፣ የጨርቅ ቀዳዳው ጠርዝ ስለቱን ያጣል። ናስ በቆዳ ውስጥ ከቆየ ደግሞ ከቆዳው ቅባት ጋር ተዋሕዶ አረንጓዴ፣ ሰም የመሰለ ነገር ያወጣል። ያ አረንጓዴ ከዘንጉም ከኪሱም ላይ በትይዩ ቦታ ከተገኘ እንዳትጠርጉት! ሁለቱ አብረው ለመኖራቸው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አታገኙም። ሰው ዕቃውን ለሽያጭ ሊያሳምር ሲል መጀመሪያ የሚጠርገው እሱን ነው።

ከመካከላችሁ በሙዚየም ለምትሠሩት የመጨረሻ አንድ ነገር አለኝ። በመዝገባችሁ ላይ «እውነተኛ» እና «ሐሰተኛ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ አትያዙ። «ከዚህ ማኅደር ጋር የገባ» ሌላ ነው፤ «ለዚህ ዓይነት ሽጉጥ የሚሆን፣ አብሮ ስለመኖሩ ማስረጃ የሌለው» ሌላ ነው፤ «በኋላ ዘመን የተሠራ» ሌላ ነው። አብዛኛው ዘንግ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ይህም አያሳፍርም። ዘንጉን ከማኅደሩ ከማውጣታችሁ በፊት ያለበትን ሁኔታ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ርዝመቱን፣ ውፍረቱንና ክብደቱን ጻፉ። ቁጥር የምትጽፉ ከሆነም ብረቱ ላይ አትምቱ፤ በክር የታሰረ ካርድ ይበቃል። ጥያቄ ካላችሁ ዘንጎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ማግኔቱና አጉሊ መነጽሩም እዚያው አሉ። ከሰባቱ ውስጥ የትኞቹ አዲስ እንደሆኑ አልነግራችሁም፤ መጥታችሁ እዩአቸው።